አትክልተኛችን ናት

«ከክፍሏ ወጥታ ካዩዋት፣ አትክልተኛችን ናት በያቸው።»

ይህን ያለው ልጄ ነው። ያለው ለሚስቱ፣ የሰማሁት እኔ እናቱ። ተደብቄ አላዳመጥኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያገኘሁትን ተማሪ ሁሉ ስቀጣ ኖሬ በስተርጅና አልጀምረውም። የኔን ክፍልና ወጥ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ነው። ክፍሌ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ እኔ ስመጣ መጥረጊያውና ባልዲው ወጡ፣ እኔ ገባሁ። ምራቴ እንቁላል ስትሰብር እሰማለሁ፣ በስልክ ስታማኝ እሰማለሁ፣ ልጄ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው ሲንቋረር ሳይቀር እሰማለሁ። ያን ጠዋትም የሹራቤን ቁልፍ እየቆለፍኩ ሳለ «አትክልተኛችን ናት» ሲል ሰማሁት። ምራቴ ሳቅ አለች። «ማዘር ደግሞ አርፋ ልትቀመጥልህ?» አለችው። ማዘር የተባልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የምክትልነት ወንበር ባዶ ሆኗል። ይህቺን ወንበር ካያት ጀምሮ ሰውዬው እንቅልፍ የለውም፤ ምግብ ሲበላም የሆነ ሰው የሚያየው ይመስል ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ወንበሯን የምትሰጠው ሥራ አስኪያጇ ናት፤ እሷ ደግሞ ያን እሑድ ለምሳ ተጋብዛለች። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው። በአንድ ግብዣ ላይ ሰው ሁሉ ባሕር ማዶ ስላሉ ዘመዶቹ ሲያወራ፣ የኔው ጉድ ለምን ይቅርብኝ ብሎ «እናቴም እዚያው ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው» አላት። ይህንንም የሰማሁት በዚያችው ግድግዳ ነው። እህት የለውም። የወለድኩት እሱን ብቻ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ የኔ ሆድ አንዴ ብቻ ሞክሮ ያገኘው ይኸው ነው።

ከክፍሌ ጀርባ አንዲት ጥግ አለች። በቤታችን ግድግዳና በጎረቤት ፎቅ መካከል የተወሸቀች፣ አሮጌ የኮክ ዛፍ ያጠላባት ቁራጭ መሬት። ፀሐይ ጠዋት ብቅ ትልባትና ረፋዱ ላይ ፎቁ ይጋርዳታል፤ ከዚያ በኋላ በቅጠል መሃል ሾልኮ የሚያልፍ ብርሃን ብቻ ነው የሚደርሳት። እዚህ ቤት ስገባ የተሰባበረ ሸክላና ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮባት ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ፍርስራሹን በባልዲ እየለቀምኩ አወጣሁ፣ የበሰበሰ ቅጠል ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ፣ ኮሎምባይን ዘራሁባት። ኮሎምባይን የሚሏት አበባ አንገቷን ደፍታ ነው የምታብበው፤ ከጀርባዋ ቀጫጭን ጭራዎች አሏት። እኔ አቀርቃሪ ነው የምላት። ዘሯ እንደ ቁንጫ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ አፈር ካለበሱት አይወጣም፣ ላዩ ላይ በትኖ ውሃ እያርከፈከፉ መጠበቅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል እንጂ ሌላ አልሰጠችኝም። ምራቴ በመስኮት ብቅ እያለች «ማዘር፣ ይሄ ነገር ይበላል?» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አበበች፤ ሐምራዊ፣ ነጭ፣ ደብዛዛ ቀይ። ከዚያ በኋላ ራሷ ዘሯን እየበተነች እናቱን የማይመስል ቀለም ሁሉ ታወጣ ጀመር። ከሐምራዊዋ ሥር አንዲት የገረጣች፣ መልኳ ያልለየላት በቀለች። እሷን ባየሁ ቁጥር ልጄ ትዝ ይለኛል። ቢሆንም አልነቀልኳትም።

ያን እሑድ ጠዋት ምራቴ ከየት እንዳመጣቻቸው እንጃ ሦስት ሰማያዊ የአበባ ማሰሮዎች ደርድራ አገኘኋት። የአንዱ ዋጋ ከወር ጡረታዬ ይበልጣል፤ ዋጋው የተጻፈባትን ወረቀት አልላጠቻትም፣ እንግዳዋ እንድታያት ይሁን እኔ እንዳያት አላውቅም። በስልኳ የአንዲት ሀብታም በረንዳ አይታ ነው፤ በዚያ በረንዳ ላይ አቀርቃሪ ተተክላለች አሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ሦስት ዓመት ሙሉ «የማዘር ቅጠላ ቅጠል» ስትል የኖረችው ሴትዮ በአንድ ሌሊት የአበባ ሰው ሆና አደረች።

«ማዘር፣ ሦስቷን ወደ በረንዳ ላወጣቸው ነው» አለችኝ።

«አይሆንም። ሥሯ ወደ ታች ጠልቆ ነው የሚሄደው፤ አብባ ሳለች ከቦታዋ ከተነሣች ትሞታለች። የቀትር ፀሐይም አትችልም።»

«ኧረ ማዘር፣ አበባ እኮ ነው!»

አንድ ጊዜ ነገርኳት። ያልገባው ተማሪ ሁለት ጊዜ ይነገረዋል፤ መስማት ለማይፈልግ ግን አንዱም ይበዛበታል። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቃ፣ የወጥ ቤት ቢላዋና ጭልፋ ይዛ ቁጢጥ አለች። የመረጠቻቸው ደግሞ በጣም ያማሩትን ነው፤ ለመምረጥ ዓይን አላት። የመጀመሪያዋ ሥር ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሰማሁት፤ ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋን ስትጎትት ጥያት ገባሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ብለው የተረቱት ለሷ ነው። ከዚያ ማሰሮዎቹን ፊት ለፊት፣ ፀሐይ እንደ ምድጃ በምትለበልበው በረንዳ ላይ ደርድራ ፎቶ አነሣቻቸው። ደሜ ፈላ። ደሜን ያፈላው ግን አበባው ብቻ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ልጄ ወደ ክፍሌ መጣ። እሱ ክፍሌ ከመጣ ወይ አምፖል ተቃጥሏል፣ ወይ የሚያሳፍረው ነገር አለ። መቃኑን ተደግፎ ቆመ፤ አልጋዬ ላይ እንዳይቀመጥ አዲስ ሱሪ ለብሷል፣ ወንበር ደግሞ ክፍሏ አትችልም። መስኮቱን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ የአባቱን ፎቶ ዘለለው። «ዛሬ ይሞቃል መሰለኝ» አለ። «ይሞቃል» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ልጅ ሳለ እንዲህ ዝም ካለ ብርጭቆ ሰብሯል ማለት ነው፤ ትንሽ ከጠበቅኩት ራሱ ይናገር ነበር። ስለዚህ ጠበቅኩት።

«እማዬ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን። አንቺ እዚሁ አረፍ በዪ፤ ምሳሽን ታመጣልሻለች።»

«አልደከመኝም።»

«አይ እንዲያው፣ ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነው።»

ይሞቃል ብሎ ምራቁን ሳይውጥ! «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አልኩት። «ኧረ ምንም» አለና መብራቱን ያለ ምክንያት አብርቶ አጥፍቶ ሄደ።

እሱ እንደሄደ የባሌን አሮጌ ኮት ደረብኩ፣ የጎማ ቦቲዬን አጠለቅኩ፣ ጠርዙ የተበላ ባርኔጣዬን ደፋሁ። አትክልተኛ ከተባልኩ አይቀር አትክልተኛ ልምሰል። ለምን እንደወጣሁ አልዋሽም። ሰው ከሚስቱ ጋር ሲሆን ብዙ ይቀባጥራል፤ በወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ይቅር ልለው እችል ነበር። ግን ፊቴ ቆሞ ይለው ይሆን? ያን ቀን ማወቅ የፈለግኩት ይህን ብቻ ነው። ካላለው አበባዎቼንም፣ ባሕር ማዶ ያለችውን እህቱንም ምሬው እንደወትሮዬ መኖር ነው። መቀስ ይዤ ጥጌ ገባሁና ያለፈባቸውን አበቦች መቁረጥ ጀመርኩ።

የሥራ አስኪያጇ መኪና ሲገባ ሰማሁ። ከዚያ የልጄን ሳቅ ሰማሁ፤ ያ ሳቅ የኔ ልጅ ሳቅ አይደለም፣ ለዚህ ቀን ብሎ የተለማመደው ነው። «እንኳን ደህና መጡ ማዳም፣ ቤትዎ ነው ማዳም፣ ደረጃውን ይጠንቀቁ ማዳም።» ደረጃው ሁለት ነው። ምራቴም ተከተለች፤ ኬኩን ከየት እንዳስመጣችው፣ ወንበሮቹ ምን እንጨት እንደሆኑ ሴትዮዋ ገና ሳትቀመጥ ተናግራ ጨረሰች። ከዚያ አንድ የማላውቀው ወፍራም የሴት ድምፅ መጣ።

«እነዚህን አበቦች ማነው እንዲህ ያሰቃያቸው?»

አቀርቃሪዎቹ ማለቷ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ተዝለፍልፈው ነበር። ምራቴ «ትንሽ ውሃ ጠምቷቸው ነው» አለች። ሴትዮዋ ግን አልሰማቻትም። ይህቺን አበባ ስንት ጊዜ ፈልጋ እንዳጣቻት፣ አስተክላም እንደሞተችባት እያወራች፣ የተቀሩት የት እንዳሉ ጠየቀች። «ጓሮ ነው፣ ግን ማዳም ጓሮው አልተጠረገም፣ ምሳውም ይቀዘቅዛል፣ ጫማዎም...» ሲሉ ሲሉ የጫማዋ ኮቴ በቤቱ ጎን በኩል ወደኔ መጣ። እኔን ደብቀው ለታይታ ያወጧቸው ሦስት አበቦች ናቸው እጇን ይዘው ያመጧት።

ከነባርኔጣዬ ቀና አልኩ። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ልጄና ምራቴ ከኋላዋ ቆመዋል፤ ምራቴ ፈገግታዋን መመለሻ አጥታለች። ሴትዮዋ አበቦቹን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት የተከሏቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ወደ ልጄ ዞረች። «እኚህ እናት ማናቸው?»

ምራቴ በክርኗ ነካ ስታደርገው አይቻለሁ። ባትነካውም አይቀርም ነበር።

«አትክልተኛችን ናት» አለ።

አለው። ፊቴ ቆሞ አለው። ዓይኔን እያየ ልል ነበር፤ ዓይኔን የት አባቱ አይቶ፣ ቦቲዬን ነው ያየው። ሴትዮዋ፣ ሥጋም ዘመድም ያልሆነችኝ፣ «እኚህ እናት» ስትለኝ የወለድኩት «ናት» አለኝ። ልጅ እናቱን አንቺ ቢል ፍቅር ነው፤ በእናቱ ዕድሜ ያለችን አትክልተኛ አንቺ ማለት ግን ስድነት ነው። እኔ ያሳደግኩት አትክልተኛንም አንቱ እንዲል ነበር። መቀሱን ኪሴ ከተትኩት።

«እኔ ዘንድ ሁለት ጊዜ ተተክላ ሁለቴም ደረቀች። ደግሞ ከግቢዬ ጥሩ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነበር» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ታዲያ ለዚያ ነዋ የደረቀችው።»

ሳቀች። ትልልቅ ሰዎች የትንሽ ሰው ቁጣ ያስቃቸዋል፤ የሚያማቸው የእኩያቸው ነው። ባርኔጣዬን ወደደችው፣ ጭቃዬን ወደደችው፣ ቁጣዬን ወደደችው። ማሰሮ ገበያ ላይ እንደሚመርጥ ሰው ዙሪያዬን ስታየኝ ቆይታ ወደ ልጄ ዞረች።

«ስማ፣ እኚህን ሴትዮ ለጥቂት ሳምንት አውሰኝ።»

አውሰኝ። እንደ መሰላል። «ግቢዬ ውስጥ ክፍል አለ። ጥላ ያለው ጥግ መርጠው ያዘጋጁልኝ። ዛሬውኑ ይዣቸው ልሂድ፣ እኔ ነገ የሚሉት ነገር አይሆንልኝም» አለችና እየሳቀች ጨመረች፦ «ምክትሌ የሚሆን ሰው ደግሞ ስስት ሊኖርበት አይገባም።» ቀልዷ ነበር። ልጄ ግን ቀልድ አልሰማም፤ የሰማው የወንበሯን ድምፅ ነው።

ሰሌዳ ፊት አቁሜ መልሱን እንደምጠብቀው ተማሪ አየሁት። በማስተምርበት ጊዜ አንድ ልማድ ነበረኝ፤ ጠመኔ ይዞ የቆመን ልጅ አላጣድፍም፣ ክፍሉ ቢስቅም፣ ደወል ቢደወልም እጠብቀዋለሁ። ይሄኛው ጥያቄ ደግሞ ቀላል ነው፤ መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ እናቴ ናት። በሳቅ ሊለው ይችል ነበር። «ማዳም፣ ቀልዴን ነው» ብሎ አቅፎኝ ሊለው ይችል ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅለት ነበር፣ በልጅ ውሸት ያልሳቀች እናት የት አለች! ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሚስቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ እነዚያን አበቦች አየ። እኔን ብቻ አላየኝም።

«ምን ችግር አለው ማዳም፤ ይውሰዷት» አለ።

«እርስዎስ እማማ፣ ይስማማሉ?»

«ጌታዬ ከፈቀዱ እኔ ምን እላለሁ» አልኩ። ጌታዬ ስለው ጆሮው ቀላ። ከቅላት አላለፈም።

ምሳ በሉ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ሁለት ቀሚስ፣ መነጽሬ፣ የደም ግፊት ክኒኔ፣ የባሌ ፎቶ፤ ሌላ ምን አለኝና! መመገቢያ ክፍሉ ወጥ ቤቱን ተሻግሮ ቢሆንም በሩን ከፍተውት ስለነበር ሹካቸው ሲንኳኳ ሳይቀር እሰማ ነበር። ሴትዮዋ በመሃል «እናትህስ እንዴት ናቸው? ባሕር ማዶ ናቸው ብለኸኝ አልነበር?» አለችው።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንትና ደውላ ነበር» አለ ልጄ።

ደውዬለት ነበር ለካ። ምን ብዬው ይሆን? ክኒኔን ሻንጣው ጎን እየከተትኩ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸብኝና አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም፤ እሱ ያን ያህል አይገባውም።

ምራቴ በእግሯ ጣት እየረገጠች ገባችና በሩን ዘጋች። «ማዘር፣ አብደሻል እንዴ? ቀልዱ ይብቃ!» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሲያውሱኝ አልሰማሽም?» አልኳት። ቀሚሴን እያጠፍኩ ነበር። ቆማ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ድንጋጤው ቀስ በቀስ ወደ ሒሳብ ሲለወጥ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፣ ሒሳብ ደግሞ ሙያዬ ነው። አልጋዬ ላይ ተቀመጠች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንዲያውም ማዘር፣ ካሰብሽው ጥሩ ነው። እሷ ጋ ስትሆኚ፣ እንዲሁ በጨዋታ መሃል፣ ስለሱ ጥሩ ጥሩውን ጣል ጣል ታደርጊላታለሽ። ሰው ከሠራተኛ አፍ የሰማውን ነው የሚያምነው።»

ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ፈተና የሰረቀ አይቻለሁ፣ የአባቱን ፊርማ የፈረመ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። «ስንት ዓመት ሠራሁላችሁ ልበል?» አልኳት። የምሬን መስሏት አሰበችበት። «ሦስት በያት፤ እውነት ይሁን» አለችኝ።

ወጣሁ። ጥጌን አልፌ ስሄድ የተቆፈሩት ሦስት ጉድጓዶች እንደተከፈቱ ነበሩ፤ በቦቲዬ አፈር መለስኩባቸው። የገረጣችዋ አቀርቃሪ እዚያው ቆማለች። ከደረቁት ፍሬዎች አንዱን ቆርጬ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፤ ስራመድ ዘሩ ውስጡ ይንኮሻኮሻል። በረንዳው ላይ ያሉት ሦስቱ አልቆላቸዋል፤ ማሰሮዎቹ ግን ያምሩ ነበር።

ሹፌሩ ሻንጣዬን ተቀበለኝና የኋላውን በር ከፈተልኝ። ሴትዮዋ በወዲያኛው በኩል ገብታ ስልኳን ማየት ጀምራለች። ምራቴ ከበረንዳ እጇን ታውለበልባለች፤ ለማን እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ልጄ በኔ በኩል መጣ። መስታወቱ ክፍት ነበር። ጎንበስ አለና አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ፤ ሽቶው አፍንጫዬን ወጋኝ።

«እማዬ» አለኝ። ትንፋሽ ነበር እንጂ ድምፅ አልነበረውም። «እማዬ፣ በአንድ ምክንያት አሳብቤ ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ። እሺ?»

ጆሮዬ እንኳን ይሄንን፣ በጣውላ ግድግዳ በኩልም ይሰማል። ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና ብላ «ምን አለዎት?» አለችኝ። እኔም ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት በምናገርበት ድምፅ፣

«አቤት ጌታዬ? አልሰማሁም፤ ጮክ ብለው ይንገሩኝ» አልኩት።

ቀና አለ። እጁ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነው። ሹፌሩ ይጠብቃል፣ ሴትዮዋ ታየዋለች፣ እኔም አየዋለሁ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ቅድም በትንፋሹ ያላትን ቃል በድምፁ ቢላት እወርድለት ነበር፤ ከነቦቲዬ እወርድለት ነበር። ጉሮሮው እንደለመደው ተንቋረረ። ከዚያ የመኪናውን ጣራ መታ መታ አደረገና፣

«የማዳምን አትክልት ደህና አድርገሽ ያዢ» አለኝ።

«እሺ ጌታዬ» አልኩት፤ መስታወቱንም ዘጋሁት።